ከባልቲሞር እስከ ፖርቶላ፦ የስዊቸር ሎኮሞቲቮች የጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ፣ ባልቲሞር

ስዊቸር የሚባለው ሎኮሞቲቭ ረጅም መንገድ አይሄድም። ሥራው ያርድ በሚባለው የፉርጎ ማቆሚያና መለያ ግቢ ውስጥ ፉርጎ መለየት፣ በቅደም ተከተል ማቀናጀትና ፋብሪካ ደጃፍ ድረስ ወስዶ ማቆም ነው። አሜሪካ ውስጥ የዚህን ማሽን ታሪክ ከሥሩ ማየት የፈለገ ሰው ጉዞውን ከባልቲሞር ይጀምር። በቢ ኤንድ ኦ የባቡር ሙዚየም የሴንትራል ሬልሮድ ኦቭ ኒው ጀርሲ ቁጥር 1000 ቆሟል። በ1925 የተሠራው ይህ ባለ 300 የፈረስ ጉልበት ማሽን በንግድ ሥራ ላይ ውሎ የተሳካለት የመጀመሪያው ዲዝል ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አካሉ አልኮ የሚባለው የሎኮሞቲቭ ፋብሪካ፣ የኤሌክትሪክ ክፍሉ የጀነራል ኤሌክትሪክ፣ ሞተሩ የኢንገርሶል ራንድ ሥራ ነው።

ዲዝል ወደ ባቡር ሥራ የገባው በስዊቸር በኩል መሆኑ አያስገርምም። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሦስት ፉርጎ ገፍቶ አንድ ሰዓት ቢቆምም እሳቱ መንደዱን፣ ውሃው ማለቁን አያቆምም። የያርድ ሥራ ደግሞ አብዛኛው መቆም ነው። በዚያ ላይ ኒው ዮርክ በ1923 ባወጣው ሕግ ከተማዋ ውስጥ በእንፋሎት መሥራትን ስለከለከለች፣ ኩባንያዎቹ ጭስ የሌለበት ነገር መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ቁጥር 1000 ብሮንክስ ውስጥ ፉርጎዎች በጀልባ እየተጫኑ በሚመጡበት ጠባብ ግቢ እስከ 1957 ሠርቷል።

ሙዚየሙ ውስጥ ፊት ለፊቱ ብቻ ቆመው ፎቶ አንስተው አይለፉ። በጎን በኩል ይሂዱና አካሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመልከቱ። እንደ ሣጥን ወጥ ነው። ነጂው ከጀርባው ያለውን መጋጠሚያም ሆነ መሬት ላይ ቆሞ ምልክት የሚሰጠውን ሠራተኛ ለማየት ይቸገራል። ኋላ ላይ የመጡት ስዊቸሮች የሞተሩን ክፍል አጥብበውና ዝቅ አድርገው ጋቢናውን ወደ አንዱ ጫፍ የገፉት ለዚህ ነው። ስዊቸርን ከሌላው ሎኮሞቲቭ የሚለየው ዋናው ነገር እይታ ነው፤ ጉልበት ሁለተኛ ነው።

ዓርብ፣ በባቡር ወደ ቺካጎ

ከባልቲሞር ዋሽንግተን አንድ ሰዓት ባይሞላም፣ ከዋሽንግተን ቺካጎ ግን የአንድ ሌሊት መንገድ ነው። ንጋት ላይ ኢንዲያና ውስጥ ስለሚደርስ ከኤልክሃርት ጀምሮ መስኮት መያዝ ይገባል፤ ከዚያ እስከ ቺካጎ ያርድ በያርድ ነው።

በዚህ ዘመን ያርድ ውስጥ የሚታየው ሁሉ በትውልዱ ስዊቸር አይደለም። ጂፒ38-2ን የመሳሰሉ ባለ አራት አክስል የመንገድ ሎኮሞቲቮች ሲያረጁ ለዚህ ሥራ ይመደባሉ። ብዙዎቹ የሚነዱት ጋቢና ውስጥ በተቀመጠ ሰው አይደለም፤ መሬት ላይ ያለው ሠራተኛ ደረቱ ላይ በታጠቀው ሣጥን በሬዲዮ ይመራቸዋል። ጋቢናው ላይ የሚብለጨለጭ መብራትና ሰው አልባ ሆኖ ሊንቀሳቀስ እንደሚችል የሚገልጽ ጽሑፍ ካለ ይኸው ነው። ከሎኮሞቲቩ ጋር ጭስ ማውጫ የሌለው፣ ዝቅ ያለ፣ ከባድ ነገር ተቀጥሎ ከታየ ደግሞ ስለግ ይባላል። የራሱ ዲዝል የለውም። የጎማ ሞተሮች ብቻ ስላሉት ኤሌክትሪክ ከጎረቤቱ ይወስዳል። ዝግ ብሎ በሚሄድ ሎኮሞቲቭ ላይ ጀነሬተሩ የሚያመነጨውን ኃይል አራቱ አክስሎች መሬት ላይ ማሳረፍ አይችሉም፤ ይንሸራተታሉ። ስለጉ ትርፉን ኃይል ወስዶ ተጨማሪ አክስሎችን ያዞርበታል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ደረቅ ሐዲድ ላይ በአሮጌ ስዊቸር መነሻ ጉልበት ሲታሰብ ከክብደቱ ሩቡን መውሰድ የተለመደ ነው። 100 ቶን የሚመዝን ማሽን 25 ቶን ገደማ ይስባል። ሐዲዱ ጤዛ ከያዘ ይህ በጣም ይወርዳል፣ የፈረስ ጉልበት መጨመርም አያድነውም።

ቅዳሜ፣ ዩኒየን

የኢሊኖይ የባቡር ሙዚየም ከቺካጎ ሰሜን ምዕራብ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ቢያስወስድ ነው። ግቢው ሰፊ ስለሆነ ጥሩ ጫማ ያስፈልጋል። ለስዊቸር ወዳጅ ቀዳሚው መድረሻ ቁጥር 21 ነው። ቀድሞ የሚኒያፖሊስ፣ ኖርዝፊልድ ኤንድ ሰዘርን የባቡር ኩባንያ ንብረት የነበረ፣ ጋቢናው መሐል ላይ የሆነ፣ በሁለቱም በኩል 1000 1000 የፈረስ ጉልበት ሞተር የተሸከመ የባልድዊን ሥራ። ስድስት አክስል አለው፣ ግዙፍ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ግን ስዊቸር ሲባል በብዙዎች ዓይን የሚመጣው የጀነራል ሞተርስ ሎኮሞቲቭ ሠሪ ክፍል የነበረው የኢኤምዲ ኤስ ደብልዩ ዝርያ ነው። ላ ግሬንጅ የነበረው ፋብሪካ በ1936 ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ ያወጣው ስዊቸር ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ፊደል ኃይላቸውንና ሻሲያቸውን ይናገራል፤ ኤስ 600፣ ኤን 900 የፈረስ ጉልበት፣ ደብልዩ በብየዳ የተሠራ ሻሲ። ኋላ ግን ኃይሉ ሲያድግ ፊደሉ ባለበት ቀረ፤ ኤስ ደብልዩ 1500 በ1966 ሲወጣ 1500 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ከሩቅ ለመለየት ጭስ ማውጫ ይቁጠሩ። ኤስ ደብልዩ 1 አንድ፣ ኤን ደብልዩ 2 ሁለት አለው፤ የመጀመሪያው ባለ 6፣ ሁለተኛው ባለ 12 ሲሊንደር ስለሆነ። (አንዳንዱ ባለቤት የእሳት ብልጭታ መከላከያ ስለሚጨምርበት ቅርጹ ይለወጣል፤ ስለዚህ በአንድ ምልክት ብቻ አይፍረዱ።) የአልኮዎቹን ኤስ-2 እና ኤስ-4 ደግሞ በቦጊያቸው፣ ማለትም ጎማዎቹን በሚይዘው ከሥር ባለው ክፈፍ፣ ይለዩዋቸዋል። የላይኛው አካል መንትያ ነው ማለት ይቻላል፤ ኤስ-2 ግን ብለንት የሚባለውን ቦጊ፣ ኤስ-4 ኤ ኤ አር ዓይነት ኤ የሚባለውን ይዟል። ሞዴል ሲገዙ በጣም የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው፦ ቀለሙና ቁጥሩ የኤስ-4 ሆኖ ቦጊው የኤስ-2 የሆነ ሞዴል ያጋጥማል።

የኢኤምዲ 567 ሞተር የሚያስነሱ ሰዎች ካሉ ሥራው እስኪያልቅ ቆሞ ማየት ዋጋ አለው። 567 የአንዱ ሲሊንደር መጠን በኩቢክ ኢንች ነው፤ ሁለት ምት ሞተር ነው። ብዙ ቀን ቆሞ ከነበረ ወዲያው ቁልፍ አይጫኑም። ዘይትና ውሃ ያያሉ፤ ከዚያ የእያንዳንዱን ሲሊንደር መፈተሻ ቀዳዳ ከፍተው ሞተሩን በብረት ዘንግ በእጅ ያዞራሉ። ከአንዱ ቀዳዳ ውሃ ከወጣ ማስነሳቱ ይቆማል። ማኅተሙ አርጅቶ ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ከሆነ፣ ውሃ አይታመቅምና ፒስተኑ ሲወጣ የሚታጠፈው የፒስተኑ ዘንግ ነው። ቀዳዳዎቹ ደረቅ ከሆኑ ይዘጋሉ፣ የነዳጅ ፓምፑ ይሠራል፣ መመለሻው መስታወት ውስጥ አረፋ የሌለበት ነዳጅ ሲታይ ያኔ ይነሳል።

እሑድ፣ የሞዴል ቀን

ረጅሙን የመኪና መንገድ ከመጀመራችን በፊት አንድ ቀን ለትንሹ ዓለም ተመድቧል። ኤች ኦ በሚባለው መጠን ሁሉ ነገር 87 ጊዜ ያንሳል። ባለ 40 ጫማ ፉርጎ 14 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስዊቸር ለሞዴል ባቡር ከሁሉ የሚመረጥ ነው እንላለን፤ ትልልቆቹ ሎኮሞቲቮች ክብ ላይ ይዞራሉ፣ ስዊቸር ግን ጠረጴዛ ላይም ቢሆን እውነተኛ ሥራውን ይሠራል።

ለመጀመር እንግሊዛዊው አለን ራይት የነደፈው ኢንግልኑክ ይበቃል። ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያዞረው መቀየሪያ ሁለት፣ የፉርጎ ማቆሚያው ሦስት ነው። አንደኛው ማቆሚያ 5 ፉርጎ፣ ሁለቱ እያንዳንዳቸው 3 ይይዛሉ፤ ሎኮሞቲቩ የሚወጣበት ጭራ ሐዲድ ራሱን ሎኮሞቲቩንና 3 ፉርጎ ብቻ ይይዛል። ፉርጎዎቹ 8 ናቸው። ለየአንዳንዱ ካርድ ተጽፎ 5 ካርድ ይወጣል፤ በወጡበት ቅደም ተከተል 5ቱን ማቀናጀት ነው ሥራው። ሊወጡ የሚችሉት አሰላለፎች 6,720 ናቸው። በባለ 40 ጫማ ፉርጎና በኤን ደብልዩ 2 ቢለካ፣ መጋጠሚያውን ጨምሮ ለአንድ ፉርጎ 15 ሴንቲ ሜትር ይያዝና ጠቅላላ ርዝመቱ 180 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ጭራ ሐዲዱን በጥንቃቄ ይለኩ። አራተኛ ፉርጎ ከያዘ እንቆቅልሹ ይረክሳል፤ የሦስተኛው ፉርጎ ጎማ ከመቀየሪያው ካላለፈ ጭራሽ አይሠራም።

ጆን አለን የነደፈው ታይምሴቨርም ዝነኛ ነው፤ ሐዲዱ ይበልጥ የተጠላለፈ፣ ጨዋታው በሰዓት እሽቅድምድም። እኛ ኢንግልኑክን እናስቀድማለን። ሰዓት የተያዘበት ሰው ይሮጣል፣ የሮጠ ሰው ፉርጎ ያጋጫል፤ ይህ ደግሞ ከእውነተኛው ያርድ የሚያርቅ ልማድ ነው። እውነተኛው የማጋጠሚያ ፍጥነት በሰዓት 6.4 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከዚያም በታች ይመረጣል። በኤች ኦ ሲሰላ በሴኮንድ 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ አንድ ፉርጎ ርዝመት ለማለፍ 7 ሴኮንድ። ሰዓት ይዘው አንድ ጊዜ ይለኩት፤ አብዛኛው ሰው ሞዴሉን ምን ያህል እንደሚያበር የሚያውቀው ያኔ ነው።

በዚያ ፍጥነት ሲሄድ ግን ችግሩ ሁሉ ይወጣል። አጭር ሎኮሞቲቭ መቀየሪያ ላይ ቆሞ የሚቀረው ፍሮግ በሚባለው፣ ሐዲዶቹ በሚቋረጡበት ሹል ክፍል ላይ ነው። ፍሮጉ ፕላስቲክ ከሆነ ጎማው ኤሌክትሪክ ያጣል። መድኃኒቱ የብረት ፍሮግ ያለው መቀየሪያ መግዛትና በመቀየሪያው ሞተር ማይክሮ ስዊች በኩል ትክክለኛውን ዋልታ መስጠት ነው። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ የሐዲድ ቁራጭ የራሱን ሽቦ ይበይዱለት፤ የሐዲድ ማያያዣ ብረት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል ብሎ መተማመን ከስድስት ወር በኋላ ያስከፍላል፣ ውስጡ ይዝጋልና። ለመጋቢው ቁጥር 22፣ ከሥር ለሚሄደው ዋና መስመር ቁጥር 14 ሽቦ በቂ ነው። ሲጨርሱ በሁሉም ቦታ ሁለቱን ሐዲድ በሳንቲም ያገናኙ። መቆጣጠሪያው ወዲያው ኃይል ካልቆረጠ እዚያ ቦታ ላይ ሽቦው ደካማ ነው፤ ሎኮሞቲቭ ከሐዲድ ቢወጣ የሚቃጠለው ዲኮደሩ፣ ማለትም ውስጡ ሆኖ ትእዛዝ የሚቀበለው የኤሌክትሮኒክ ክፍል፣ ይሆናል።

የፉርጎ ክብደት ሌላው ነው። የአሜሪካ ሞዴል ባቡረኞች ማኅበር ለኤች ኦ የሚመክረው መነሻ 28 ግራም ሲሆን በእያንዳንዱ ኢንች ርዝመት 14 ግራም ይጨመራል። ለ14 ሴንቲ ሜትር ፉርጎ 106 ግራም ገደማ ነው። ቀላል ፉርጎ ሲገፋ ከሐዲድ ይወጣል፣ ሲጋጠምም መጋጠሚያው ሳይቆልፍ ይሸሻል። መጋጠሚያውን የኬዲ ኩባንያ ቁጥር 148 አድርገው ከፍታውን በ205 መለኪያ ያስተካክሉ። ከሥሩ የተንጠለጠለችው የብረት ዘንግ ዝቅ ካለች መቀየሪያው ላይ ትያዛለች፤ ምክንያቱ ያልታወቀ መውጣት ሲደጋገም መጀመሪያ የምትጠረጠረው እርሷ ናት።

ዲኮደሩን በተመለከተ፦ ሲቪ የሚባሉት የማስተካከያ ቁጥሮቹ ናቸው። ሲቪ 2 ላይ መነሻ ቮልቴጁን ከዜሮ ጀምሮ አንድ አንድ እየጨመሩ፣ ከ128ቱ የፍጥነት እርከን በመጀመሪያው ላይ ሳይንደረደር ሲንቀሳቀስ ያቁሙ። ሲቪ 3 መፍጠኛ፣ ሲቪ 4 ማቆሚያ ነው። ቁጥሩ በ0.896 ሲባዛ ከቆመበት እስከ ሙሉ ፍጥነት የሚወስደውን ሴኮንድ ይሰጣል፤ 20 ቢጽፉ 18 ሴኮንድ ገደማ። ለስዊቸር ከዚህ ብዙም አይለፉ። ከፍተኛውን ፍጥነት የሚወስነውን ሲቪ 5ን ደግሞ ዝቅ ያድርጉት፣ እጀታው ሙሉ የሚዞርበት ስፋት ሁሉ ለዝግታ ይውል።

ሰኞ፣ መንገድ

ከዩኒየን ኖርዝ ፕላት 1,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አብዛኛው አውራ ጎዳና 80። አዮዋ ላይ ከጎዳናው ወጣ ሲሉ እህል ጎተራ ደጃፍ የቆሙ የግል ስዊቸሮች ይታያሉ። ከሕዝብ መንገድ ላይ ሆኖ ፎቶ ማንሳት ይቻላል፤ ሐዲዱ ላይ መውጣት ግን የሰው ግቢ መግባት ነው።

ማክሰኞ፣ ኖርዝ ፕላት

የዩኒየን ፓሲፊክ ቤይሊ ያርድ በዓለም ትልቁ የፉርጎ መለያ ያርድ ነው። 13 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ጎልደን ስፓይክ ከሚባለው ባለ ስምንት ፎቅ ማማ ላይ ሆኖ ይታያል፤ ባይኖኩላርና የሬዲዮ መስሚያ ያለው ሰው ይበልጥ ይጠቀማል።

ያርዱ ለምሥራቅና ለምዕራብ ለየብቻ ጉብታ አለው። የምሥራቁ 10 ሜትር ከፍ ይላል፣ የምዕራቡ 6 ሜትር። ከሥራቸው የተዘረጉት የመለያ ሐዲዶች ድምር 114 ነው። የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ይሄዳል። ባቡሩ ሲደርስ ሠራተኞች ፉርጎ በፉርጎ እየሄዱ የአየር ፍሬኑን ያስተነፍሳሉ። ይህ ካልተደረገ ፉርጎው ጉብታው ላይ ሲለቀቅ ፍሬኑ እንደያዘው ይቀራል። የእጅ ፍሬን ተረስቶ የቀረበት ፉርጎ ደግሞ ጎማው ሳይዞር ተጎትቶ አንድ ጎኑ ይላጋል፤ ከዚያ በኋላ ሐዲዱን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ እርሱ ነው። ገፊው ሎኮሞቲቭ ባቡሩን በሰው እርምጃ ፍጥነት ወደ ጉብታው ያወጣል። ጫፉ ላይ የቆመው ሠራተኛ መጋጠሚያውን ይፈታል፣ ፉርጎው በራሱ ክብደት ይወርዳል።

ቁልቁለቱ ላይ የሐዲድ ፍሬን አለ፤ ጎማውን ከሁለት ጎን በብረት ይጨብጣል፣ የጩኸቱ ምንጭ ይኸው ነው። ኮምፒዩተሩ ክብደቱን፣ ፍጥነቱንና የሚሄድበት ሐዲድ ውስጥ የቀረውን ባዶ ቦታ አይቶ ምን ያህል እንደሚጨብጠው ይወስናል። ባዶ ፉርጎ ከነፋስ ጋር ፊት ለፊት ከገጠመ መሐል ላይ ሊቆም ይችላል፤ ብርድ ላይ የቆየ ፉርጎም የጎማው ቅባት ስለሚጠጥር ይዘገያል። ያኔ የሚመጣው ስዊቸር ነው፤ የቆመውን ገፍቶ ያስገባዋል። ከጉብታው ማዶ፣ በሌላኛው ጫፍ ያሉት ስዊቸሮች ደግሞ የተለዩትን ፉርጎዎች ከየሐዲዱ እያወጡ የሚወጣውን ባቡር ይሠራሉ። ብዙ ጎብኚ ዓይኑን ጉብታው ላይ ተክሎ ይህን ጫፍ ይረሳዋል፤ ሞዴል ለሚሠራ ሰው ግን ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው።

ሬዲዮውን ሲያዳምጡ የሚሰሙት ቁጥር ነው፤ “አሥር ፉርጎ … አምስት … ሦስት … ሁለት … አንድ”። ነጂው ወደ ኋላ ሲገፋ አያይም፤ መሬት ላይ ያለው ሰው የቀረውን ርቀት በፉርጎ ርዝመት ይነግረዋል፣ አንዱ 50 ጫማ ተብሎ ይቆጠራል። ከተነገረው ርቀት ግማሹን እስኪሄድ አዲስ ቃል ካልሰማ ይቆማል። ሬዲዮው ተበላሸም አልተበላሸም፣ ዝምታ ማለት ቁም ማለት ነው። ሠራተኛው ሁለት ፉርጎ መሐል ከመግባቱ በፊትም ከነጂው ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ የሎኮሞቲቩ ፍሬን ተይዟል፣ የአቅጣጫ እጀታው መሐል ላይ ነው፣ የጀነሬተሩ መስክ ተቋርጧል (ኃይል ወደ ጎማ ሞተሮቹ አይሄድም ማለት ነው)። ሦስቱም መልስ ሳይሰማ እግሩን አያስገባም። ሞዴል የሚነዱ ሰዎች ይህን ለመምሰል ከየማጋጠሙ በኋላ ሠላሳ ሴኮንድ ያህል ይቆማሉ፤ ሥራውን ወዲያው ያሳምረዋል።

ረቡዕና ሐሙስ፣ ዋዮሚንግ፣ ዩታ፣ ኔቫዳ

እስከ ፖርቶላ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሁለት ቀን ይበላል። ኦግደን ዩኒየን ጣቢያ ላይ እረፍት ቢወስዱ ከቤት ውጭ የቆሙ ሎኮሞቲቮች አሉ። ከዚያ ወዲያ የጨው ሜዳና በረሃ ነው፤ ነዳጅ ሳይሞሉ አይለፉ።

ዓርብ፣ ፖርቶላ

ካሊፎርኒያ ተራሮች ውስጥ ያለው የዌስተርን ፓሲፊክ ሙዚየም የቀድሞው ኩባንያ የዲዝል ጋራዥ ነበር። የዌስተርን ፓሲፊክ የመጀመሪያ ዲዝል የሆነው ቁጥር 501፣ የ1939 ኤስ ደብልዩ 1፣ እዚህ አለ። ከዚህም በላይ፣ በቅድሚያ ቀጠሮ ለያዘ ሰው አስተማሪ አጠገቡ ሆኖ ሎኮሞቲቭ ያስነዱታል። ክረምት ስለሚዘጋ ወቅቱን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ረጅም ሱሪና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ይልበሱ፤ መሰላሉ ላይ ሁልጊዜ ፊትዎን ወደ ሎኮሞቲቩ አድርገው በሁለት እጅ ይውጡ፣ ይውረዱም።

ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ የሚያዩት እጀታ ብዙ ቢመስልም የሚሠሩበት አራት ነው፤ ስምንት እርከን ያለው የኃይል እጀታ፣ የአቅጣጫ እጀታ፣ የባቡሩ ፍሬንና የሎኮሞቲቩ የራሱ ፍሬን። ከመነሳት በፊት የዋናው አየር ጋን ግፊት ከ130 እስከ 140 ፒኤስአይ መሆኑን ያዩበታል። የእጅ ፍሬን ይፈታል፣ ከጎማው ሥር ያለው ሽብልቅ ይወጣል፣ አቅጣጫ ይመረጣል፣ ደወል ይደወላል። ከዚያ እርከን አንድ፣ ፍሬኑን መልቀቅ፣ መጠበቅ። 100 ቶን ብረት ቶሎ አይመልስም። ጀማሪ ሁሉ አልተንቀሳቀሰም ብሎ እርከን ሁለትና ሦስት ይጨምራል፣ ኃይሉ ተከታትሎ ሲደርስ ሎኮሞቲቩ ከሚፈለገው በላይ ይፈጥናል። ሲቪ 3 የሞዴሉ ላይ የሚመስለው ይህን መዘግየት ነው።

ለማቆም ኃይሉ መጀመሪያ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ ፍሬን ቀጥሎ ይያዛል። በትንሽ በትንሹ እየያዙ እየለቀቁ መጫወት አየሩን ይጨርሰዋል፤ ጋኑ እስኪሞላ ቆሞ መጠበቅ ይመጣል። አቅጣጫ የሚቀየረው ጎማው ሙሉ በሙሉ ከቆመ በኋላ ብቻ ነው፣ አለዚያ የጎማ ሞተሮቹ ይቃጠላሉ። ጎማ ሲንሸራተት እርከን ይቀንሱ፤ አሸዋ የሚረጨው ጎማው ከመንሸራተቱ በፊት እንጂ በኃይል እየተሽከረከረ እያለ አይደለም፣ ድንገት ሲይዝ ማርሹን ይመታዋልና።

ፉርጎ ሲያጋጥሙ ከሁለቱ መንጋጋ ቢያንስ አንዱ ክፍት ይሁን፤ መጋጠሚያዎቹም ፊት ለፊት መተያየታቸው ይታይ፤ ኩርባ ላይ አንዱ ወደ ጎን ስለሚዞር ሳይያዙ ይተላለፋሉ። እጅ አስገብቶ ለማስተካከል ፉርጎዎቹ 50 ጫማ መራቅ አለባቸው። ከተጋጠሙ በኋላ ሎኮሞቲቩ በቀስታ ይስባል፤ ሁለቱ ከተላቀቁ ፒኑ አልወደቀም ማለት ነው። የአየሩ ቱቦ በእጅ ይገናኛል፣ ቧንቧውም ቀስ ብሎ ይከፈታል። ባንድ ጊዜ ከተከፈተ የመስመሩ ግፊት ድንገት ይወርድና ሙሉው ባቡር አስቸኳይ ፍሬን ይይዛል።

ሲጨርሱ ፍሬኑ ሙሉ ይያዛል፣ የእጅ ፍሬኑ ይጠብቃል፣ ከዚያ የአየር ፍሬኑ ተለቅቆ የእጅ ፍሬኑ ብቻውን ሎኮሞቲቩን መያዙ ይታያል። ከያዘ የአየሩ ፍሬን ይመለሳል፣ የጀነሬተሩ መስክ ይቋረጣል፣ የአቅጣጫ እጀታው መሐል ላይ ሆኖ ይነቀላል፣ ሽብልቁ ከጎማው ሥር ይገባል። የእነዚህ ሞተሮች ማቀዝቀዣ ዝገት መከላከያ ብቻ የተጨመረበት ውሃ ነው፤ በረዶ የሚከላከል ነገር የለበትም። ፖርቶላ ደግሞ ወደ 1,500 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ስላለ ብርድ ሲመጣ የሚቆመው ሎኮሞቲቭ ውሃው ሙሉ በሙሉ ይፈስሳል፣ ከጋቢናው ማሞቂያ ቱቦ ውስጥ የሚቀረውን ጨምሮ።